ወለልን ከሥሩ
ሴራሚክ ልታስነጥፍ ለተነሣች የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ የቤትሽን ቁልፍ ስለተረከብሽ እንኳን ደስ ያለሽ። “ጋሼ፣ ሴራሚክ ለማስነጠፍ ስንት ብር ልያዝ?” ብለሽ ጠይቀሽኛል። ቁርጡን ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የዛሬ ዋጋ ለነገ ዋስ አይሆንም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ የቤት ማጠናቀቂያ ዕቃ ሁሉ ከዚያ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ የምሰጥሽ ሂሳቡን ነው፤ ዋጋውን ገበያ ወጥተሽ አንቺ ትሞይበታለሽ።

አባቶች “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ። ወለልም እንደዚሁ ከሥሩ ነው የሚታየው። ኪስሽን የሚፈትነው በመስታወት ውስጥ ሲያበራ ያየሽው ሴራሚክ ብቻ አይደለም፤ ከበታቹ የሚገባው፣ ፎቅ ድረስ የሚሸከመውና የሚያነጥፈው ጭምር ነው። ምክሬን በተራ ቁጥር አስቀምጬልሻለሁ።

1. ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ለኪ።

ሳሎንሽ 4 በ5 ሜትር ነው፤ 20 ካሬ። ብዙ ሰው ይህን 20 በካሬው ዋጋ ያባዛና ሂሳቡን ዘጋሁ ይላል። ሴራሚክ ግን ይቆረጣል፣ ይሰበራል። ቀጥ ብሎ ለሚነጠፍ ወለል አንድ አሥረኛ ጨምሪ፤ 22 ካሬ ይሆናል። ቀጥሎ የግድግዳውን ግርጌ የሚከበው ዞኮሎ አለ። የክፍሉ ዙሪያ 18 ሜትር ነው፤ የበሩ ስፋት ሲቀነስ 17 ያህል ይቀራል። 60 በ60 የሆነው አንድ ሴራሚክ በ10 ሳንቲ ሜትር ሲሰነጠቅ፣ ዲስኩ የሚበላው ስላለ አምስት ሙሉ ቁራጭ ብቻ ይወጣዋል፤ ያም 3 ሜትር ነው። ስለዚህ ለዞኮሎ 6 ሴራሚክ፣ ማለትም ከ2 ካሬ ጥቂት የሚበልጥ ያስፈልግሻል። ድምሩ 24 ካሬ አለፈ። የ60 በ60 ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ 4 ፍሬ፣ 1.44 ካሬ ይይዛል። በ20 ካሬ ብታሰቢ 14 ካርቶን ይበቃሽ ነበር፤ የሚያስፈልግሽ ግን 17 ነው።

ለሂሳብ እንዲመቸን የካሬውን ዋጋ 1,000 ብር እናድርገው። በልብሽ የያዝሽው 20,000 ብር ነበር። 17 ካርቶን 24,480 ብር ይሆናል። የተነገረሽ ዋጋ ቫት የሌለበት ከሆነ ደግሞ 15 በመቶው፣ 3,672 ብር ይጨመርበታል። 28,152 ብር መጣ፤ ገና ከሱቁ በር አልወጣሽም። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቂ አፍሽ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው “ከነቫቱ ነው?” የሚለው ይሁን።

2. ከሥር ያለውን ወለል ሳታስለኪ ከማንም ጋር ዋጋ አትዋዋዪ።

የተረከብሽው ወለል ለዓይን ደልዳላ ይመስላል። ባለሙያው የቱቦ ውሃ ልክ ይዞ አራቱን ማዕዘንና መሐሉን ይለካልሽ። አንዱ ጥግ ከሌላው 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ያን ጉድጓድ የሚሞላው ደግሞ የአንቺ ሲሚንቶና አሸዋ ነው።

ለ20 ካሬ በአማካይ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድልዳል፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በአራት እጅ አሸዋ ሲቦካ፣ 3 ኩንታል ያህል ሲሚንቶና ከ0.8 ሜትር ኩብ ጥቂት የሚበልጥ አሸዋ ይበላል። ወለሉ ተዛብቶ አማካዩ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆንብሽ ሲሚንቶው 4 ኩንታል ተኩል፣ አሸዋውም 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል። ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ የግማሽ ያህል ወጪ ጨመረ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ነባሩ ሊሾ ጠንካራ፣ ንጹሕና ውሃ ልክ ከሆነ ይህ ሁሉ ላያስፈልግሽ ይችላል። በማጣበቂያ በቀጥታ ይነጠፋል። 25 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ማጣበቂያ 5 ካሬ ያህል ያዳርሳል፤ ለሳሎንሽ 4 ወይም 5 ከረጢት መሆኑ ነው። ማጣበቂያው በኪሎ ከሲሚንቶ ይወደዳል፤ ግን የአሸዋውን፣ የሸክሙንና የጉልበቱን ወጪ ያስቀርልሻል። ሁለቱንም መንገድ በወረቀት አሠርተሽ አወዳድሪ።

ምድር ቤት ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር እጨምራለሁ። የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሙሌቱ በደንብ ሳይጠቀጠቅ የተሠራ ወለል ከሥር ሲሰምጥ የትኛውም ውድ ሴራሚክ አያቆመውም። እዚያ ላይ የሚወጣ ብር ለሙሌቱ ይቅደም።

3. በሩን አትርሺ።

ድልዳል፣ ማጣበቂያና ሴራሚክ ሲደማመሩ ወለሉ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የእንጨት በር ከሆነ አናጺ ይጠርበዋል፤ የላሜራ በር ከሆነ ብየዳ ቤት ሊሄድ ነው። የበረንዳውና የመታጠቢያ ቤቱ ደፍም እንዲሁ መታየት አለበት። ይህን ወጪ ማንም የዋጋ ወረቀት ላይ አይጽፈውም፤ አንቺ ጻፊው።

4. የሴራሚኩን ዓይነት በሥራው ምረጪ።

ገበያ ላይ ሁሉም “ሴራሚክ” ይባላል፤ ጠባዩ ግን ይለያያል። አንዱን ገልብጠሽ ጀርባው ላይ የውሃ ጠብታ አድርጊ። ቶሎ ከመጠጠው ለስላሳና ቀላል ሴራሚክ ነው፤ ጠብታው እንዳለ ከቆየ ፖርስሊን ሊሆን ይችላል። በዓለም አቀፉ መለኪያ ፖርስሊን የሚባለው የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ የማይበልጥ ነው። የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ረክሶ ቢያገኙትም መሬት ላይ የማይነጠፈው። ሰው ይረግጠዋል፣ አልጋና ሶፋ ይጎተትበታል፣ አይችልም።

ካርቶኑ ላይ የመፋቅ ጥንካሬው ከ0 እስከ 5 በደረጃ ተጽፎ ታገኚ ይሆናል። ለመኝታ ቤት 2 ወይም 3 ይበቃል፤ ከውጭ ጫማ ጋር አቧራና አሸዋ ለሚገባበት ሳሎንና ኮሪደር 4 ፈልጊ። ለመታጠቢያ ቤትና ለበረንዳ የሚያንጸባርቀውን ተዪው፤ ሸካራውን ውሰጂ። እናትሽ ልትጠይቅሽ ስትመጣ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ብትንሸራተት የሚመጣውን ወጪ በካሬ አታሰይውም።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ ፖርስሊን ውሃ ስለማይጠጣ በተራ ሲሚንቶ ብቻ አጥብቆ አይያዝም፤ የራሱን ማጣበቂያ ይፈልጋል። ጠንካራ ስለሆነም ዲስክ ይጨርሳል፤ የእጅ ዋጋውም ከፍ ይላል። 60 በ120 የሆነው ትልቁ ደግሞ ከሥሩ ፍጹም ደልዳላ ወለልና ሁለት ሰው ይጠይቃል። ፖርስሊን ከገዛሽ እነዚህንም አብረሽ ገዝተሻል ማለት ነው።

5. ካርቶኑን አንብቢ፣ በአንድ ጊዜ ግዢ።

አንድ ዓይነት ስም ያለው ሴራሚክ በተለያየ ጊዜ ከምድጃ ሲወጣ ቀለሙ በጥቂቱ ይለያያል፤ መጠኑም በሚሊ ሜትር ይበልጣል ወይም ያንሳል። ካርቶኑ ጎን ላይ የቀለምና የመጠን ቁጥር ታትሟል። 17ቱም ካርቶን አንድ ቁጥር መሆናቸውን መኪና ላይ ከመጫናቸው በፊት አንድ በአንድ እዪ። “ሲጎድል መጥተሽ ትወስጃለሽ” ለሚልሽ ነጋዴ አትመኚ፤ በወሩ የሚመጣው ጭነት ሌላ ቁጥር ነው። ይልቅ ሳይከፈት የተረፈውን ካርቶን መልሶ እንደሚቀበልሽ ደረሰኙ ላይ አስጽፊ። መጨረሻ ላይ አንድ ካርቶን ለራስሽ አስቀሪ፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ሲፈነዳና ሁለት ሴራሚክ ሲነሣ ትፈልጊዋለሽ።

የሀገር ውስጡን አትናቂ። ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ሴራሚክ ይመረታል። ከስም ይልቅ ጠርዙ ቀጥ ማለቱን፣ ገጹ አለመጉበጡን ተመልከቺ። ሁለት ሴራሚኮችን ፊት ለፊት ገጥመሽ ስትይዣቸው መሐላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ጎባጣ ነው።

6. ክብደቱን ቁጠሪ፤ ጫኝና አውራጅ በክብደት ይናገራል።

የ60 በ60 አንድ ካርቶን 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ 17ቱ ግማሽ ቶን። ሲሚንቶው 3 ኩንታል፣ አሸዋው ከአንድ ቶን በላይ። ለአንድ ሳሎን ብቻ 2 ቶን ያህል ዕቃ ወደ ቤትሽ ይገባል። ብዙዎቹ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፤ የአንቺ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። መኪናው ግቢ ከገባ በኋላ የሚደረግ ድርድር ድርድር አይደለም፤ ዕቃው መሬት ላይ ሆኖ፣ ዝናብ እያንዣበበ፣ ሹፌሩ እየተቻኮለ የተባልሽውን ትከፍያለሽ። ስለዚህ አስቀድመሽ ሰፈር ሄደሽ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ተነጋገሪ፤ ማውረጃው ለብቻ፣ በፎቅ ማውጫው ለብቻ፣ በካርቶንና በከረጢት ተቆርጦ ይነገርሽ። የተሰበረ ካርቶን የማን ኪሳራ እንደሆነም ከዚያው ይነገር። አሸዋ በክረምት ይወደዳል፤ ከቻልሽ ከሰኔ በፊት አስገቢ።

7. የእጅ ዋጋን በካሬ ብቻ አትስሚ።

አንዱ ባለሙያ በካሬ ከሌላው ዝቅ ያለ ዋጋ ይነግርሻል። ጠይቂው፦ ድልዳሉን ይጨምራል? ዞኮሎው በሜትር ለብቻ ነው? የረዳቱን ቀን የሚከፍለው ማነው? ዲስኩን የሚገዛው ማነው? የመገጣጠሚያውን ሙሌት፣ ጽዳቱንና ፍርስራሽ ማውጣቱን ማን ይሠራዋል? እነዚህ ሲደማመሩ ርካሹ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አዲስ ያነጠፈውን ቤት ብቻ አትዪ፤ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። ሁለት ክረምት ያለፈበትን አሳየኝ በይው። ክፍያውን በሥራ ደረጃ ከፋፍለሽ በወረቀት ተፈራረሙ፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ሥራውን ፈትሸሽ እስክትረከቢ ያዢ። የደረሰለትን ግን በቀኑ ክፈዪው። ገንዘቡ የዘገየበት ሠራተኛ ቤትሽን ሰኞ ጀምሮ ማክሰኞ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ልብሽም ሥራሽም ይንጠለጠላል።

8. ማጣበቂያው ከመቦካቱ በፊት አስደርድሪ።

5 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል ስምንት ሙሉ ሴራሚክ ይይዝና 20 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሰነፍ ባለሙያ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ያችን ቀጭን ቁራጭ በሩ ሥር ይጥላታል። ጎበዙ ግን ሰባት ሙሉ አድርጎ የቀረውን 80 ሳንቲ ሜትር ለሁለት ይከፍላል፤ በሁለቱም ግድግዳ ሥር እኩል 40፣ 40 ይሆናል። ዋጋው የአንድ ሰዓት ሐሳብ ነው። በሰያፍ፣ በዳይመንድ ቅርጽ ካላስነጠፍኩ ካልሽ ደግሞ ትርፉን ከ10 ወደ 15 በመቶ አሳድጊው፤ የእጅ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

9. ብር ካጠረሽ ውሃ ከሚነካው ክፍል ጀምሪ።

መኝታ ቤት ለአንድ ዓመት በሊሾውና በፕላስቲክ ምንጣፍ ቢቆይ ማንንም አይጎዳም። መታጠቢያ ቤት ግን ቢያንጠባጥብ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ይበላሻል፤ ገንዘቡም ጉርብትናውም ይሄዳል። እዚያ ከሴራሚኩ በፊት ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ይቀባ፤ ግድግዳው ላይም ከግርጌው ከፍ ብሎ ይውጣ። ቅቡ ሲደርቅ የፍሳሽ ቀዳዳው ተደፍኖ ውሃ ለ24 ሰዓት ይታቆርበት፤ ከዚያ ታች ወርደሽ የጎረቤትን ጣሪያ እዪ። ሴራሚኩ ሲነጠፍ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ይዘቅዝቅ። የቅቡ ወጪ ከጠቅላላው አንጻር ትንሽ ነው፤ የሚቆጨውም እሱን የዘለለ ሰው ነው።

ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ ለማድረስ ብለሽ አትበደሪ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ይህ ነው። ያልተነጠፈ መኝታ ቤት ወለድ አይጠይቅም።

10. ሲሚንቶ የሚፈልገውን ቀን አትንፈጊው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ድልዳሉ ለብቻው ቀድሞ የሚሠራ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ይቆይ። የተነጠፈ ሴራሚክ ላይ ለ24 ሰዓት ማንም አይውጣ፤ መገጣጠሚያው የሚሞላውም ከዚያ በኋላ ነው። በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት፣ ከግድግዳው ጋር ደግሞ ዞኮሎው የሚሸፍነው ጥቂት ክፍተት ይቅር። “ሳይታይ ገጥሜ አነጥፍልሻለሁ” የሚልሽን አትስሚ፤ ወለል በሙቀት ይለጠጣል፣ መሄጃ ሲያጣ መሐሉ አብጦ ይነሣል።

ለመሙያው ነጭ ሲሚንቶ ርካሽ ነው፤ ግን ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ይጠቁራል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው መሙያ ይወደዳል፤ ቢሆንም ለ20 ካሬ የ60 በ60 ወለል የሚያስፈልገው 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ መቆጠብ የቁጠባ ስም ብቻ ነው ያለው።

11. አንኳኩተሽ ተረከቢ።

የያዝሽውን የመጨረሻ ክፍያ ከመስጠትሽ በፊት ሳንቲም ወይም የመዶሻ እጀታ ይዘሽ እያንዳንዱን ሴራሚክ አራት ጥጉንና መሐሉን ምቺ። ደፍኖ የሚጮኸው ተይዟል፤ እንደ ባዶ ቅል የሚያስተጋባው ከሥሩ አየር አለ። በጠመኔ ምልክት አድርጊበትና ይነሣ። ዛሬ አንድ ሴራሚክ መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሶፋና ቁም ሣጥን ከገባ በኋላ ግን የሌላ ቀን ወጪ ነው።

ቡና ስታፈዪ ይህን አስታውሺ፦ ባዶ ድምፅ ያለው ሴራሚክ ላይ በሙቀጫ ቢወቀጥ ይሰነጠቃል። የከሰል ማንደጃም በቀጥታ ወለሉ ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም ወፍራም ትሪ ይግባ። እርጥብ ቄጤማ በሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ላይ ስትጎዘጉዢ ሽማግሌ እንዳያዳልጥ ተጠንቀቂ። ወለሉንም በአሲድ አታጥቢ፤ መሙያውን ይበላዋል።

12. ሦስት የዋጋ ወረቀት አምጪ፣ የጎደለውን ፈልጊ።

እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊ፦ ሴራሚክ ከነትርፉና ከነዞኮሎው፣ ቫት፣ ሲሚንቶና አሸዋ ወይም ማጣበቂያ፣ መሙያ፣ ውሃ መከላከያ ቅብ፣ መኪና፣ ማውረድና ሸክም፣ የእጅ ዋጋ፣ የበር ማስተካከያ፣ ፍርስራሽ ማውጫ። በድምሩ ላይ ደግሞ 10 በመቶ መጠባበቂያ አኑሪ፤ ካልተነካ ለመጋረጃ ይሆንሻል። ይህን ዝርዝር ለሦስት ባለሙያ ስጪና እያንዳንዱ መስመር ላይ ዋጋ ይሙሉበት።

ወረቀቶቹ ሲመለሱ ዓይንሽ መጀመሪያ ድምሩ ላይ እንዳያርፍ። ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ሰው የትኞቹን መስመሮች ባዶ እንደተወ እዪ። ባዶው መስመር ውሎ አድሮ ከአንቺ ኪስ ይሞላል። ሁሉንም ሞልቶ ከሌላው ከፍ ያለው ምናልባት እውነቱን የነገረሽ እሱ ብቻ ነው። ሦስቱን ወረቀት ይዘሽ ቅዳሜ ነይ፤ አብረን እንደምራለን። ቤቱን የሰላምና የጤና ያድርግልሽ።